የላፕቶፑ ዋስ

መቼ እንደሆነ ቁርጡን አላስታውስም። የልጅ ልጄ «ሁለተኛ ዓመት ልጀምር ስል ነው» ትላለች፤ እኔ ደግሞ ሁለተኛውን ጨርሳ ሦስተኛውን ልትጀምር ስትል ይመስለኛል። የማስታውሰው ድንቹ ከመሬት መውጣቱን፣ ገብሱ ግን ገና ለምለም መሆኑን ነው። ጧት ጧት ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ ደጃችን ላይ ይተኛ ነበር። ከዚህ የበለጠ ቀን ቁረጥ ብትሉኝ አልችልም።

ቤቴ ከተራራው ወገብ ላይ ነው፤ ከላዩ ባሕር ዛፍ፣ ከታቹ ከተማ። ዕድሜዬን ሙሉ ትንሽ መሬት አርሼ፣ ካራ ገበያ ከብት ገዝቼ ሸጬ የኖርኩ ሰው ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ዘንድ ነው። ዳዊት ሳልደግም አባቴ ዐረፈና ትምህርቱ እዚያው ላይ ቀረ። ልጄ የካ አባዶ ቤት ተከራይታ ከጧት እስከ ማታ ሥራ ላይ ስለምትውል፣ የእሷን ልጅ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ልጅቷ አድጋ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ክፍለ አገር ደረሳት፤ የተመደበችውም ኮምፒውተር ትምህርት ነው። እኔ ኮምፒውተር ሲባል ባንክ ቤት ከመስኮቱ ወዲያ ያለውን ብቻ ነበር የማውቀው።

ለዕረፍት መጥታ ሳለ አንድ ቀን ከሰዓት በረንዳው ላይ ደብተር ዘርግታ ስትጽፍ አየኋት። ከመጽሐፍ የምትገለብጥ መስሎኝ ጠጋ አልኩ። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፤ ግን እንደ ሌላው ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አይሄድም። አንዱ መስመር ገባ ይላል፣ የሚቀጥለው ይበልጥ ይገባል፣ ከዚያ ይወጣል። እርከን የተሠራበት ማሳ ይመስላል።

«ምንድን ነው ልጄ?»

«ኮድ ነው አባባ። ኮምፒውተሩን እንዲህ አድርግ፣ እንዲያ አድርግ ብዬ የማዝበት።»

«ኮምፒውተሩ የታለ ታዲያ?»

ሳቀች። «እሱ ነው የሌለኝ።»

ቀስ እያልኩ ስጠይቃት ነገሩ ወጣ። ዶርም አብራት የምታድር አንዲት ጓደኛ ነበረቻት። ያቺ ልጅ ስትተኛ ላፕቶፗን ታውሳታለች፤ የእኔዋ ቀን በደብተር የጻፈችውን ያኔ ገልብጣ ትሞክራለች። የተሳሳተው ቦታ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ታሰምርና በማግስቱ እንደገና በደብተር ታርመዋለች። ዓመቱን ሙሉ የተማረችው እንዲህ ነው። እንግዲህ ማብሰልን ድስት ሳይነኩ መማር ማለት ነው። ያቺ ጓደኛዋም ተመርቃ ሄደች።

«ዘንድሮስ?» አልኳት።

«ዘንድሮ ዲፓርትመንት እቀይራለሁ። ማሽን የማይፈልግ ትምህርት ሞልቷል። ምዝገባ ላይ ፎርም መሙላት ብቻ ነው።»

ይህን ያለችው ቀና ሳትል ነው። እጇ ግን መጻፉን አላቆመም። የሚተወውን ነገር እንዲህ አጥብቆ የሚጽፍ ሰው አይቼ አላውቅም። ደብተሩን ተቀብዬ ገጹን ገለጥኩት። ዳር እስከ ዳር ሞልቷል። ሌላ ደብተር ሰጠችኝ፤ እሱም ሞልቷል። ሦስተኛውን ስታመጣ ተቀመጥኩ። አንዲት ፊደል ባይገባኝም፣ አንድ ሰው ያልያዘውን ዕቃ በሐሳቡ ይዞ ይህን ሁሉ ማዘዙ አስገረመኝ።

ምዝገባው ሊደርስ ከሁለት ሳምንት ያነሰ ነው የቀረው። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ወይፈኑን ካራ አውርጄ ሸጥኩት። ከተገኘው ላይ የመሳፈሪያዋንና የደብተሯን ለየሁና የቀረው የላፕቶፕ ሆነ። ሁለተኛ የሚሸጥ ወይፈን ደግሞ አልነበረኝም። ከተሳሳትን መመለሻ የለንም ማለት ነው።

መገናኛ ወረድን። እሷ ከአስተማሪዋ ጠይቃ የጻፈችውን ወረቀት በእጇ ይዛለች፤ ይህን ያህል ራም፣ እንዲህ ያለ ሃርድ ዲስክ የሚል። እኔ ደግሞ የዕቃ መመርመር ልምዴን ይዣለሁ፤ ከዚያ ወረቀት የሚያንስ አልመሰለኝም ነበር።

ሕንፃው ውስጥ ገብተን ሁለተኛ ፎቅ ስንደርስ እግሬ ቆመ። ግራና ቀኙ ሱቅ ነው፤ ሱቁ ሁሉ ላፕቶፕ ነው። በየመደርደሪያው ክዳናቸውን ከፍተው ተሰልፈዋል፤ የአንዱ ስክሪን ባሕር ያሳያል፣ የሌላው በረዶ የለበሰ ተራራ፣ የሌላው ከዋክብት። አንድ ዓይነት ነገር እንዲህ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ያየሁት በዓል ሲደርስ ከብት ገበያ ላይ ብቻ ነው። እዚህ ግን ጩኸት የለም፣ አቧራ የለም። ሁሉም ዝም ብለው ያበራሉ። ባርኔጣዬን ሳላስበው አወለቅኩ።

«አባባ፣ ባርኔጣዎን ያድርጉ እንጂ፤ ቤተ ክርስቲያን መሰለዎት?» አለችኝ በጆሮዬ።

ዋጋው ቀለል ያለ ነው ወደተባለ ሱቅ ገባን። ከዱባይ የመጡ ያገለገሉ ላፕቶፖች ናቸው። ሻጩ ጎረምሳ ነው፤ ፀጉሩን በቅባት ወደ ላይ አቁሞታል።

«ፋዘር፣ እንኳን ደህና መጡ! ለእርስዎ ነው ለእሷ?»

«ለእኔ ቢሆን ሣር የሚበላውን እመርጥ ነበር» አልኩት።

በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ወዳጆች ሆንን። የልጅ ልጄ ወረቀቷን እያየች ስትጠይቀው፣ እኔ አንድ በአንድ እያነሳሁ በእጄ እመዝን ጀመር። በእኛ ጊዜ ሬዲዮም ሲገዛ፣ የእጅ ሰዓትም ሲገዛ፣ ቀላል ከሆነ ባዶ ነው ይባል ነበር። አንዱ ትልቅ፣ ጥቁር፣ ደረቱ የሰፋ ነው። ሳነሳው ክንዴን ወደ ታች ጎተተው። ክዳኑን ከፍቼ ፊደሎቹን አየሁ፤ አንድም የተፋቀ የለም፣ ሁሉም ያብረቀርቃሉ። ጥርሱ ሙሉ ነው አልኩ በልቤ። ከአጠገቡ ያለችውን ደግሞ አነሳሁ። ቀጭን፣ ግራጫ፣ ክዳኗ የተጫረ ናት። ደብተር ያነሳሁ ነው የመሰለኝ። ከሲታ ናት ብዬ መለስኳት።

«ይኼኛውን ነው» አልኩ ትልቁ ላይ እጄን ጭኜ።

የልጅ ልጄ ወረቀቷን አየች፤ ጎረምሳው የሚለው ሁሉ ከወረቀቱ ጋር ይስማማል። «ጥሩ ይመስላል» አለች። ዋጋውም ካለን ገንዘብ ጋር ገጠመ። ጎረምሳው ቦርሳና ማውስ እመርቅላችኋለሁ አለ። ምርቃት መኖሩ ደስ አሰኘኝ፤ የማውቀው ገበያ መሰለኝ። ስለዚህም እንደማውቀው ገበያ ተናገርኩ።

«መልካም። እንግዲህ ዋስ ጥራልኝ።»

«ምን?»

«ዋስ።»

«ኦ፣ ጋራንቲ! አለው እንጂ ፋዘር። የአንድ ወር። ማኅተም ያለው ወረቀት እሰጥዎታለሁ።»

«ወረቀት አላልኩህም ልጄ፤ ሰው ነው ያልኩህ።»

ያኔ ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ዞረው አዩኝ። አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ተከተለው። «ፋዘር፣ ላፕቶፕ ነው እኮ፣ ከእስር የሚፈታ ሰው አይደለም!» አለ አንዱ። የልጅ ልጄ አንገቷን ደፋች። «አባባ፣ ይተዉት እባክዎ» አለች በቀስታ።

እኔ ግን ሌላ የመግዛት ወግ አላውቅም። ካራ ላይ ከማላውቀው ሰው በሬ ስገዛ፣ ሻጩ ዋስ ይጠራል። ዋሱ እኔም እሱም የምናውቀው ሰው ይሆናል። ዋሱ ቆሞ ይናገራል፦ በሬው የሌላ ሰው ንብረት አይደለም፣ አይዋጋም፣ እርሻ ላይ አይተኛም ይላል። ይህ ከሆነ ከእሱ ተቀበል፣ ካልሆነ ወደ እኔ ና ማለቱ ነው። ሻጩ ገንዘቡን ይዞ ወደ አገሩ ቢሄድም ዋሱ አይሄድም። በዚህ መንገድ ገዝቼ ተጎድቼ አላውቅም። ይህን ለጎረምሳው ነገርኩት፤ ሳልቆጣ፣ አንድ በአንድ።

ጎረምሳው ክፉ ልጅ አልነበረም። ቀልዱን ለመጨረስ ብሎ ይመስለኛል፣ ከሱቁ ብቅ አለና ወደ ደረጃው ተጣራ። «እህቴ! ነይማ፣ ለላፕቶፕ ዋስ ተፈልጓል!»

ደረጃው ሥር፣ ጣሪያው ዝቅ ባለበት ቦታ፣ ላፕቶፕ የምትጠግን ሴት ትንሽ ጠረጴዛ ይዛ ተቀምጣለች። ሠላሳዎቹ ውስጥ ትሆናለች። ግንባሯ ላይ መብራት አስራለች። መፍቻዋን እንደያዘች መጣች።

«የምን ዋስ?» አለች።

ሳቅ እየጠበቅሁ ደግሜ ነገርኳት። አልሳቀችም። መብራቷን ከግንባሯ ወደ ላይ ገፋ አድርጋ አየችኝ።

«አባቴም ነቀምት ገበያ ላይ ዋስ ሳይጠራ ጥጃ እንኳ አይገዛም ነበር» አለች። «ብዙ ጊዜ ደግሞ ራሱ ዋስ ይሆናል። አንዴ ዋስ የሆነላት ላም ታማ ከራሱ በረት አውጥቶ ተክቷል። እናቴ ለሳምንት አላናገረችውም።» ከዚያ ወደ ጎረምሳው ዞረች። «እሆናለሁ። ግን ሳላይ ዋስ አልሆንም። አምጣው።»

«ኧረ እህቴ፣ ቀልዴን ነው! ሥራ አታስፈቺን።»

«አንተ ነህ የጠራኸኝ» አለችው። የሳቁት ሁሉ ቆመው እያዩ ነበር፤ እምቢ ማለት አልቻለም።

ትልቁን ጥቁር ላፕቶፕ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠችው። መጀመሪያ አልከፈተችውም፤ እንደ እኔ አየችው። ጣቷን እጅ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አስኬደች። «አባቴ፣ ይዩ። ፊደሎቹ አዲስ ናቸው፤ እዚህ ጋ ግን ቀለሙ ተልጦ አልቋል።»

አየሁ። ፊቴ ሞቀ። ጥርሱ የወይፈን፣ ሰኮናው የሽማግሌ። ይህን በሬ ላይ ቢሆን ከሩቅ አየው ነበር። ፊደሎቹን ለውጠዋቸዋል ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ በተቀየረ ጥርስ ተታልያለሁ።

ከዚያ አጠፋችውና እንደገና ስታስነሳው አንድ ቁልፍ ደጋግማ ነካች። ስክሪኑ ጥቁር ሆነና መሐሉ ላይ ትንሽ ሳጥን ወጣ።

«የይለፍ ቃል ይጠይቃል» አለች የልጅ ልጄ። ድምፅዋ ተለወጠ።

«የሆነ መሥሪያ ቤት ማሽን ነበር» አለች ጠጋኟ። «ሲያስወግዱት መቆለፊያውን አልፈቱትም። ዛሬ ይሠራል፣ ነገም ይሠራል። ውስጡን አጥባችሁ እንደገና መጫን ያስፈለገ ቀን ግን ጌታዬ ማነው ይላል። ያኔ የሚመልስለት የለም።»

ጎረምሳው «እኔም አላውቅም፣ እምላለሁ፣ እንዲሁ ነው የመጣልኝ» አለ። አመንኩት። ከብትም ሲሸጥ እንዲህ ይሆናል፤ የሰው መሆኑን የማያውቅ ሰው ይሸጠዋል። ዋስ የሚጠራውም ለዚሁ ነው።

«ይቺንስ?» አለች ጠጋኟ ቀጭኗን ከሱቁ መደርደሪያ አምጥታ።

«ልጄ፣ እሷ ምንም ክብደት የላትም» አልኳት።

«አባቴ፣ የላፕቶፕ ክብደት አብዛኛው ሽፋንና አሮጌ ባትሪ ነው። ልክፈትልዎት?»

ከሥሯ ያሉትን ብሎኖች ፈታች። ብሎኖቹ ከጤፍ ብዙም አይበልጡም፤ አንድ በአንድ የማግኔት ሳህን ላይ ታስቀምጣቸዋለች። የታችኛው ክዳን ተነሳ። መብራቷን ግንባሯ ላይ መልሳ «ጠጋ ይበሉ» አለችኝ።

እንግዲህ ይህን እንዴት ብዬ እንደምነግራችሁ አላውቅም። ድንጋይ ስታነሱ ከሥሩ የጉንዳን መንገድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጉንዳኑ በሙሉ በየመንገዱ፣ አንዱ ካንዱ ሳይጋጭ የሚሄድበት? እንዲያ ነው። አረንጓዴ መሬት ላይ ከፀጉር የቀጠኑ የወርቅ መንገዶች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ ሁሉም በአንድ ላይ ይታጠፋሉ፣ አንዱም ሌላውን አይነካም። ጥግ ላይ ከለስላሳ ቆርኪ ትንሽ የምትበልጥ ማራገቢያ አለች። ጠጋኟ በመፍቻዋ ጫፍ እያመለከተች ነገረችኝ። ይቺ የምታስብበት ናት። ይቺ የያዘችውን ለጊዜው የምታስታውስበት ናት። ይቺ ደግሞ ለሁልጊዜ የምታስቀምጥበት። የመጨረሻዋን ስታሳየኝ ከማስቲካ ቅጠል አትበልጥም።

«እዚህ ውስጥ ምን ያህል ይገባል?» አልኳት።

«አባቴ፣ በሕይወትዎ ያዩት መጽሐፍ ሁሉ ቢገባ አይሞላም።»

ያየሁት መጽሐፍ ብዙ አይደለም፤ ግን ገባኝ። ማነው የሠራው? የሰው እጅ ነው? የሰው ጣት እንዲህ ያለ መንገድ ሊያሰምር አይችልም። ይህን ጠየቅኋት። «ማሽን ነው የሚሠራው፤ ያንን ማሽን ደግሞ ሌላ ማሽን» አለችኝ። «የመጀመሪያውንስ?» ስላት «እሱን ሰው» አለች። ከዚያ በኋላ ጎንበስ ብዬ መንገዶቹን አንድ በአንድ በዓይኔ ተከተልኩ። ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ፤ ማንም አላቻኮለኝም።

በትንሽ ብሩሽ አቧራውን ጠረገች። «ይሄ የዱባይ አቧራ ነው» አለች ለልጅ ልጄ። «ካሁን በኋላ የእንጦጦን ትለምዳለች።» ማራገቢያዋን በጣቷ አሽከረከረች፣ ባትሪውን በመሣሪያ አየች፣ የአስተማሪውን ወረቀት ተቀብላ አነበበች። አንድ ነገር ብቻ ይጎድላል፤ ራሙ፣ ያ ለጊዜው የምታስታውስበት፣ አነስ ያለ ነው፤ ግን የሚጨመርበት ክፍት ቦታ አለ። «ሌላ ጊዜ ገንዘብ ስታገኚ ትጨምሪበታለሽ። አሁን ለዚህ ብለሽ ሌላ ውድ ማሽን አትግዢ» አለቻት። ጎረምሳው ለትርፍ ቦታዋ የምትሆን አሮጌ ራም ከመሳቢያው ፈልጎ በምርቃት ስም ሰጠ፤ ጠጋኟም እዚያው ገጠመቻት። ቦርሳውንም ሰጠ። ማውሱን ግን አስቀረ።

ከዚያ ተነስታ ቆመች። ልክ እንደ ገበያው ቀና ብላ ጎረምሳውንም እኔንም አየችን።

«የሰው አይደለችም፤ አይቻለሁ። ውስጧ አልተነካካም። አንድ ወር ሙሉ ከታመመች፣ ወደ እሱ አትሂዱ፣ ወደ እኔ ኑ። ዋስ ነኝ።»

ቅድም የሳቁት አሁን አልሳቁም። ስልክ ቁጥሯን ለልጅ ልጄ ሰጠቻት። ለፍተሻው የምትጠይቀውን የተለመደ ዋጋ ተቀበለች፤ ለዋስትናው ግን ምንም አልነካም አለች። ጎረምሳው ወረቀቱን ማኅተም አድርጎ ሰጠን። «ይባርክልሽ» አለ ለልጅቷ። እኔም እጁን ጨበጥኩት።

በዚያው ቀን ቤት እንደገባን ደብተሮቿን አውጥታ አንዱን ገለጠች። ጣቶቿ ሲሮጡ ዓይኔ አልደረሰባቸውም። «አባባ፣ ይህን ሁለት ወር ሆኖኛል ከጻፍኩት። ይሠራ እንደሆነ አላውቅም።»

«ምን የሚሠራ ነው?»

«ዓመተ ምሕረቱን ሲነግሩት ፋሲካ መቼ እንደሚውል ያወጣል።»

ፋሲካን ማውጣት ባሕረ ሐሳብ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ ያንን የሚያወጡት ሊቃውንት ብቻ ነበሩ፤ ለመማሩም ዓመታት ይፈጃል። የመጪውን ዓመት ቁጥር ነገርኳት። ጻፈች፤ አንዲት ቁልፍ ነካች። ዓይኔን ሳልጨፍን መልሱ ወጣ።

«ረቡዕ ይላል» አለች።

«ፋሲካ ረቡዕ ዋለ?» ብዬ ሳቅሁ፤ እሷም ሳቀች። አንድ ምልክት ዘልላ ኖሯል። ደብተሩን እያየች ፈለገች፣ አስተካከለች፣ እንደገና ነካች። እሑድ ወጣ። ቀኑን በጣቴ ያዝኩና በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱን ጠየቅኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው የጣታቸውን አንጓ ቆጠሩ፣ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያም ነገሩኝ። ያው ቀን ነው! የትኛው እንደሚያስገርም አላውቅም። ወርቅ መንገድ ያላት ቀጭኗ ማሽን ናት ወይስ የሽማግሌ ጣት? እስከ ዛሬ አልቆረጥኩም።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ልትሄድ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ላፕቶፗ አልነሳም አለች። መብራቷ ይበራል፣ ማራገቢያዋ ይሽከረከራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። የልጅ ልጄ አሥር ጊዜ አጥፍታ አበራች። ከዚያ ክዳኗን ዘጋችና እጇን በላዩ አደረገች።

«አባባ፣ ይተዉት። ፎርሙን እሞላለሁ። ሌላውም ትምህርት ትምህርት ነው።»

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱ ላይ ባለው ቁጥር ለጎረምሳው ስንደውል በትሕትና «ፋዘር፣ ለዛሬ ዘግተናል፣ እሑድም ዝግ ነን፣ ሰኞ ይዛችሁ ኑ» አለ። ወረቀቱ ሰኞን እንጂ እሑድን አያውቅም። ልጅቷ ደግሞ ሰኞን አታገኝም። ያኔ ለጠጋኟ ደወልን።

«ነገ ከቸርች ስወጣ እመጣለሁ» አለች። «አምስት ሰዓት ደረጃው ጋ ጠብቁኝ።»

እሑድ ሕንፃው ጭር ብሏል። ጥበቃው ዋስ እንደምንጠብቅ ስነግረው ግራ ገብቶት አስገባን። ደረጃው ላይ ተቀመጥን። አምስት ሰዓት አለፈ። ትመጣለች ወይ? ለምን ትመጣለች? ዘመዷ አይደለሁም፣ የአገሯ ሰው አይደለሁም፣ ሃይማኖታችንም ለየቅል ነው። ካራ ላይ ዋሱ የሚመጣው ከቀረ በአገር ፊት ስለሚያፍር ነው። ይህቺ ሴት ብትቀር ማን ፊት ታፍራለች? ይህ ሁሉ በልቤ ይመላለሳል፤ ለልጅቷ ግን አልነገርኳትም።

መጣች። ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ መጽሐፍ ቅዱሷን በክንዷ ይዛ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «ስብከቱ ረዘመ፣ ይቅርታ አባቴ» አለች። መጽሐፉን ለእኔ ሰጠችኝና በቀሚሷ እንዳለች ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠች።

ብሎኖቹን ፈታች። የምታስታውስበትን ትንሽ ሰሌዳ፣ ያቺን ጎረምሳው የመረቀልንን፣ ከቦታዋ አወጣች። ጫፏን በመብራቱ አየችና መሳቢያዋን ከፈተች። ያወጣችው መሣሪያ መስሎኝ ነበር። ላጲስ ነው! የትምህርት ቤት ልጅ ላጲስ፣ ግማሹ የተበላ። የሰሌዳዋን ወርቅማ ጥርሶች በላጲሱ ቀስ አድርጋ ፈገፈገቻቸው፣ ፍርፋሪውን እፍ አለችው፣ ወደ ቦታዋ ቀጭ አድርጋ መለሰቻት። ቁልፉን ነካች።

ስክሪኑ በራ።

የልጅ ልጄ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ መጽሐፍ ቅዱሱን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ ማሽን የሠራው ማሽን፣ በላጲስ ዳነ! «ዝገት ነገር ይዟት ነው» አለች ጠጋኟ፤ «በታክሲ ስትንገጫገጭ ደግሞ ትንሽ ተነቅላለች። ዳግመኛ ቢሆን አንቺም ትችያለሽ፣ ነይ።» ተነስታ የልጅ ልጄን በራሷ ቦታ አስቀመጠቻት። ልጅቷ ራሷ ፈታች፣ ራሷ ፈገፈገች፣ ራሷ መለሰች። ሦስት ጊዜ አስደገመቻት። ላጲሱንም ሰጠቻት።

ገንዘብ ሳወጣ እጄን ያዘችኝ።

«ዋስ ይከፈለዋል እንዴ አባቴ?»

መጽሐፏን መለስኩላትና ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ። እሷም ከእኔ በልጣ ጎንበስ አለች።

ልጅቷ ሰኞ ሄደች። ማክሰኞ ከሰዓት ደወለች። «አባባ፣ ተመዘገብኩ» አለች። «ፎርሙንስ?» ስላት «የምን ፎርም?» አለችኝ፤ በስልኩ ውስጥ ጣቶቿ ሲሮጡ ይሰማኛል።

ያን ሰሞን ያሻገረችን እሷ ናት፤ መገናኛ ባለው ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ ደረጃው ሥር የምትቀመጠው፣ የነቀምቱ ገበያ ዋስ ልጅ፣ ላፕቶፕ ጠጋኟ።